ባርኔጣና ግንባር

አቡ ዳቢ፣ ሳዲያት ደሴት ላይ አንድ የአትክልት ስፍራ የሚጋሩ ሦስት ሕንፃዎች አሉ፤ አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ምኩራብ። በአንድነት የአብርሃም ቤተሰብ ቤት ይባላሉ። የነደፋቸው አርክቴክት ዴቪድ አጃዬ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ሦስቱንም በአንድ ልክ፣ በርዝመትም በወርድም በቁመትም 30 ሜትር አድርጓቸዋል። መስጊዱ ወደ መካ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መንበር ወደ ምሥራቅ፣ ምኩራቡ ወደ ኢየሩሳሌም ይመለከታል። የሐሳቡ መነሻ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2019 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስና የአል አዝሀር ታላቅ ኢማም አሕመድ አል ጠይብ እዚያው አቡ ዳቢ የፈረሙት የሰው ልጆች ወንድማማችነት ሰነድ ሲሆን፣ ግቢው በ2023 ለሕዝብ ተከፍቷል።

ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጎንደር ወይም ከደሴ የመጡ፣ የሱፍ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ አንድ አባት ወደዚህ ግቢ ገቡ እንበል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ማንም ሳይነግራቸው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ምኩራቡ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ራስን ሸፍኖ መግባት ወግ ስለሆነ፣ ያወለቁትን መልሰው ማድረግ አለባቸው። መስጊዱ በር ላይ የሚወልቀው ጫማ ነው፤ ራስ ግን ቢሸፈን ይመረጣል፤ ሆኖም ያ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ለሰጋጅ አይመችም። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ግቢ፣ አንድ ራስ ሦስት ዓይነት ሥርዓት ይገጥመዋል። ሦስቱም ቤቶች የአብርሃምን አምላክ እናመልካለን የሚሉ ናቸው። ታዲያ እግዚአብሔር የሚከበረው በተገለጠ ራስ ነው ወይስ በተሸፈነ?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ሰው የተገደለበት ጊዜም አለ። ለመልሱ ግን ከመጻሕፍቱ በፊት ባርኔጣውን ራሱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ነገሩ የሚፈታው ከአሠራሩ ጀምሮ ነውና።

ባርኔጣው የተሠራበት ፌልት የሚባለው አልተፈተለም፣ አልተሸመነም። የጥንቸል፣ የቢቨር ወይም የበግ ጠጉር በሙቅ ውሃ፣ በእንፋሎትና በግፊት እየታሸ እርስ በርሱ ተቆላልፎ የሚጠነክር ነው። ድርና ማግ ስለሌለው ወደየትኛውም አቅጣጫ ይለጠጣል፤ እንፋሎት ካገኘ የሰጡትን ቅርጽ ይቀበላል፣ ሲደርቅም ይዞት ይቀራል። ለዚህ ልስላሴ የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ጠጉሩ ቶሎ እንዲያያዝ በሜርኩሪ ውህድ ይነከር ስለነበር፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ባርኔጣ ሠሪ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ አእምሮውም እየታወከ አልፏል፤ አሜሪካ አሠራሩን ያስቆመችው በ1941 ነው።

የአሮጌ ባርኔጣ ወዳጆች መጀመሪያ የሚያዩት አናቱን ነው። ጆን ስቴትሰን በ1865 ፊላዴልፊያ ላይ ሥራ ጀምሮ «የሜዳው አለቃ» በሚል ስም የሸጠው ባርኔጣ አናቱ ከፍ ያለና ክብ ነበር፤ አንድም ስርጉድ የለበትም። ስርጉዱን የጨመረው የገዛው ሰው ነው፤ ደጋግሞ በጣቱ ሲይዘው፣ ሲያወልቀው፣ ሲያደርገው አናቱ የእጁን መልክ ያዘ። ለንደን ውስጥ በ1849 ለኤድዋርድ ኮክ የተሠራው ቦውለር የዚህ ተቃራኒ ነው። አናቱ እንደ እንቁላል ክብና ደረቅ ስለሆነ ጣት አይቀበልም፤ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ሆምበርግ ከጀርመኗ ባድ ሆምበርግ ከተማ መጥቶ፣ በኋላ ኤድዋርድ 7ኛ በተባሉት የእንግሊዝ ልዑል ራስ ላይ ዝና አገኘ። ከፊት ወደ ኋላ አንድ ቀጥ ያለ ስርጉድ አለው፤ ክፈፉ ዙሪያውን ወደ ላይ ተጠቅልሏል፤ ከጎኑ አልተቆነጠጠም። ፌዶራ ደግሞ አናቱ ከመሃል ሰርጎድ፣ ከፊት በሁለት በኩል ቆንጠጥ ያለ ነው፤ ስሙን ያገኘው ፈረንሳዊው ሣርዱ በ1882 ከጻፈው ተውኔት ነው። ተውኔቱን የተጫወተችው ሣራ በርናርድ ስለነበረች፣ ይህ ዛሬ የወንድ ምልክት ሆኖ የሚታይ ባርኔጣ በመጀመሪያ የታወቀው በሴት ራስ ላይ ነው።

አንድ ያረጀ ፌዶራ እጅ ሲገባ በመጀመሪያ የሚፈተሸው ያቺ የፊት ቁንጥጫ ናት። ባርኔጣ ሻጮች ደንበኛቸውን «ከክፈፉ ያዙት፣ ከአናቱ አትያዙት» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት በየዕለቱ የሚያርፉበት ቦታ መጀመሪያ ይሳሳል፤ ቀጥሎ ጠጉሩ ይረግፋል፤ በመጨረሻ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ውስጡ ያለው የቆዳ ቀበቶ በላብ ጠቁሮ፣ ውጭ ያለው ጥብጣብ ሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ የፀሐይና የሥራ ምስክር ነው። ስንጥቁ ግን የሌላ ነገር ምስክር ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን ባርኔጣውን ደጋግሞ አያነሳም። የሚያነሳው ሽማግሌ ሲያይ፣ አስከሬን ሲያልፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሲታየው ነው። ለሰብሳቢው ጉድለት የሆነችው ያች ስንጥቅ የአንድ ሰው የአክብሮት መዝገብ ናት፤ ዋጋዋ ሊቀንስ ሳይሆን ሊጨምር ይገባ ነበር።

በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚታወቀው የፌልት ባርኔጣ የዳግማዊ ምኒልክ ነው፤ ሰፊ ክፈፍ ያለው ጥቁር ባርኔጣ፣ ከሥሩ ራስን ያሰረ ነጭ ሻሽ። ሻሹ የአገር ነው፣ ባርኔጣው የባሕር ማዶ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ፎቶ ተነሥተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በእንግሊዟ ባዝ ከተማ በስደት ሳሉ በተነሧቸው ፎቶግራፎች ጥቁር ካባ ደርበው ቦውለር አድርገው ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ፌዶራና ሆምበርግ የጸሐፊው፣ የመምህሩ፣ የዳኛው፣ የነጋዴው ሆነ፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ለቅሶ ቤትና በክፍለ አገር ከተሞች የሽማግሌ ወግ ሆኖ ቆይቷል።

ባርኔጣ ከመምጣቱ በፊት የኢትዮጵያ ወንድ አክብሮቱን የሚያሳየው በሸማው ነበር። በጌታ ፊት ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል፤ በቤተ ክርስቲያን መስቀልኛ ያጣፋል። ባርኔጣው ሲመጣ እዚሁ ቋንቋ ውስጥ ገባ። ዛሬ አንድ አረጋዊ በቤተ ክርስቲያን በኩል ሲያልፉ ምን እንደሚያደርጉ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ይቆማሉ፤ ባርኔጣውን በግራ እጃቸው አውልቀው ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ በቀኛቸው ያማትባሉ፤ ወደ ቅጥሩ ቀርበው ግንባራቸውንና ከንፈራቸውን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋሉ። ቄስ ካገኙም መስቀሉ መጀመሪያ ግንባራቸውን፣ ቀጥሎ ከንፈራቸውን ይነካል። ባርኔጣው ራስ ላይ እንዳለ ይህ ሁሉ አይሆንም። ክፈፉ ከድንጋዩ በፊት ቅጥሩን ይመታል፤ መስቀሉንም ይከለክላል።

ካህኑ ራሱ ግን ጥምጥሙን አያወልቅም። መነኩሴው ቆቡን፣ በማኅሌት ላይ ያለው ደብተራ ነጭ ጥምጥሙን እንዳደረገ ነው። በጎንደር አካባቢ የኦርቶዶክሱ ቄስ፣ የቤተ እስራኤሉ ቄስና የሙስሊሙ ሼህ ሦስቱም ነጭ ጥምጥም የሚያደርጉ ስለነበሩ፣ ከሩቅ ያየ መንገደኛ የማን ሃይማኖት አባት እንደሆኑ በራሳቸው ብቻ መለየት ይቸግረው ነበር። ሳዲያት ላይ በሦስት ሕንፃ የተከፈለው ነገር በጎንደር በአንድ ዓይነት ጨርቅ ተጠምጥሞ ኖሯል። በወሎም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ በሌላው ለቅሶ ሲቆሙ፣ አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ ሌላው ኮፍያውን እንዳደረገ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ሌላውን ደፋር ነው ብሎ አያውቅም።

እንግዲህ በጸሎት ጊዜ ራስ ላይ የሚቀሩትን እንቁጠር፤ ቆብ፣ ጥምጥም፣ ኮፍያ፣ ኤምሬታውያን ጉትራ ከሚሉት የራስ ጨርቅ ሥር የሚያደርጓት ነጭ ጋህፊያ፣ አይሁድ የሚያደርጓት ኪፓ። አንዳቸውም ክፈፍ የላቸውም። ሁሉም ከራስ ጋር የተጣበቁ፣ ግንባርን ነፃ የሚተዉ ናቸው። በአንድ በኩል የተሸፈነ፣ በሌላ በኩል የተገለጠ ራስ እያልን ስንከራከር የቆየነው ምናልባት ዋናውን ሳናይ ነው። ለስግደት የሚያስቸግረው መሸፈኑ አይደለም፤ ክፈፉ ነው። ክፈፍ የተሠራው ፀሐይንና ዝናብን ከፊት ለማራቅ ነው፤ ሳይታሰብ ደግሞ መሬትንም፣ መስቀልንም፣ የሌላውን ሰው ፊትም ያርቃል። ኤምሬታውያን ሰላምታ ሲለዋወጡ አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካሉ። ሐበሻ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል። በሁለቱም ሰላምታ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ወይ መውለቅ ወይ ወደ ኋላ መገፋት አለበት።

ይህን ከማንም በላይ የተረዱት የኦቶማን ቱርኮች ነበሩ። ሱልጣን ማሕሙድ 2ኛ በ1829 ጥምጥምን ፌዝ በተባለው ቆብ ሲተኩ ሕዝቡ ሊቀበለው ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ክፈፍ ስለሌለው ነው፤ ሰጋጁ ሳያወልቀው ግንባሩን መሬት ያስነካል። በ1925 የቱርክ ሪፐብሊክ መሪ አታቱርክ ፌዝን ከልክሎ ክፈፍ ያለውን ባርኔጣ በሕግ ሲያስገድድ ግን ነገሩ ግንባር ድረስ ደረሰ። የኖቬምበሩ ሕግ ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት የኢስኪሊፑ አቲፍ ሆጃ የፈረንጅን ባርኔጣ ማድረግ ለሙስሊም አይገባም የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1926 ተሰቀሉ። የአቡ ዳቢው የወንድማማችነት ሰነድ የተፈረመው በዚሁ ቀን፣ ከ93 ዓመት በኋላ ነው፤ መገጣጠሙ የአጋጣሚ ቢሆንም ልብ ሊባል የሚገባ ነው። «ባርኔጣ ባርኔጣ ነው፤ ሃይማኖት በልብ ነው» ለሚል ሰው የአቲፍ ሆጃ ሞት ከባድ መልስ ነው። መንግሥቱም ሟቹም ልብስ እንዲሁ ልብስ ብቻ ነው ብለው አላመኑም።

ወደ ተነሣንበት እንመለስ፤ ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዐይን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ በ1890ዎቹ የተሠራው የአል ጃሂሊ ምሽግ ውስጥ የአንድ አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ፎቶግራፎች በቋሚነት ይታያሉ። ዊልፍሬድ ቴሲጀር በጁን 1910 በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ተወለደ፤ አባቱ በዚያ የአገሩ መልእክተኛ ነበር። ገና በኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ በኖቬምበር 2 ቀን 1930 (ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ በግል ተጋብዞ ተገኝቷል። ከ1946 ጀምሮ ደግሞ ከበደዊን ጋር ሆኖ ሩብዕ አል ኻሊን፣ ያንን ታላቅ የአሸዋ ባሕር፣ ሁለት ጊዜ አቋረጠ። የአውሮፓ ልብሱን ትቶ እንደነሱ ቀሚስ ለበሰ፣ ራሱንም በጨርቅ ጠመጠመ። በደዊኖቹ ሙባረክ ቢን ለንደን አሉት።

በ1948 አቡ ዳቢ ደርሶ፣ ከዚያ ወደ ዛሬዋ አል ዐይን ተሻግሮ፣ በሙወይጂ ምሽግ ሼህ ዛይድ ቢን ሱልጣንን አገኘ። ሼህ ዛይድ ያኔ የአካባቢው እንደራሴ ነበሩ፤ በኋላ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሆነዋል። በ1959 በታተመው «የዐረብ አሸዋዎች» በተባለው መጽሐፉ ቴሲጀር እኒህን ሰው በአጃቢዎቻቸው መካከል በምን እንደለያቸው ጽፏል። ዐጋል በሚባለው ጥቁር የራስ ገመዳቸውና የራስ ጨርቃቸውን በሚያደርጉበት መንገድ ነው። ሌሎቹ በአካባቢው ልማድ ጨርቁን ራሳቸው ላይ ሲጠመጥሙ፣ የሼህ ዛይድ ግን በትከሻቸው ዙሪያ ወርዶ ነበር። በምሽጉ ፊት ለፊት ብዙ ሰዎች ተቀምጠው ዐይን ያረፈው በአንድ ጨርቅ አወራረድ ላይ ነው። የቦውለርና የሆምበርግ፣ የፌዶራና የስቴትሰን ልዩነት በዚያ በረሃ የለም፤ የቅርጹ ንባብ ግን አለ። ወንድ የራሱን አናት ቅርጽ ለሌሎች እንዲነበብ አድርጎ ያበጃል፤ ክብሩን፣ ነገዱን፣ ዘመኑን፣ ምርጫውን። ኒው ዮርክ ውስጥ ያሉ ጥቁር ለባሽ አይሁድም በአናቱ ቁንጥጫ የየትኛው ረቢ ተከታይ እንደሆኑ ይተዋወቃሉ፤ ብዙዎቹ የሚያደርጉት ከ1857 ጀምሮ በጣልያን አሌሳንድሪያ ከተማ የሚሠራውን ቦርሳሊኖ ነው። እነዚህ አይሁድ ክፈፍ ያለውን ባርኔጣ አድርገው መጸለይ የቻሉት በአብዛኛው ቆመው ስለሚጸልዩ ነው፤ ግንባር መሬት የሚነካበት ስግደት በዓመት በጥቂት ታላላቅ ቀናት ብቻ ነው።

ስለዚህ ባርኔጣ ሁለት ነገር ይዟል። ክፈፉ ርቀት ነው፤ አናቱ ምርጫ ነው። በአክብሮት ደጃፍ የሚጠየቀውም ሁለቱን መተው ነው።

ይህን ካልን ወደ ጥንቱ ክርክር መመለስ ይቻላል። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ራሱን ሸፍኖ የሚጸልይ ወንድ ራሱን ያዋርዳል ይላል፤ ምክንያቱንም ከፍጥረት ሥርዓትና ከተፈጥሮ ያመጣል። ክርክሩን የሚዘጋው ግን ከዚህ ሌላ ልማድ እኛም የእግዚአብሔር አብያተ ክርስቲያናትም የለንም በማለት ነው፤ ከተፈጥሮ ተነሥቶ ልማድ ላይ ደረሰ። በታልሙድ የረቢ ኢያሱ ልጅ ረቢ ሁና የእግዚአብሔር ክብር ከራሳቸው በላይ ስላለ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ አራት ክንድ እንኳ አይራመዱም ነበር ይባላል። ሁለቱም ሰዎች አንድ አምላክን ፈሩ፤ አንዱ ገለጠ፣ ሌላው ሸፈነ።

የሳዲያቱ ምኩራብ የተሰየመለት ሙሴ ቤን ማይሞን፣ በ1204 ግብፅ ውስጥ ያረፈው ታላቅ ፈላስፋና ሐኪም፣ ስለ ጸሎት በጻፈው ሕግ ሰው ራሱን ገልጦ ለጸሎት እንዳይቆም ያዛል። ስለ እግር ሲናገር ግን ልዩ ነገር ያስገባል፤ በታላላቅ ሰዎች ፊት ያለ ጫማ መቆም ልማድ ባልሆነበት አገር ባዶ እግርህን አትጸልይ ይላል። መለኪያው የአገሩ ሰው በሚያከብረው ሰው ፊት የሚቆምበት ሁኔታ ነው ማለት ነው። በሮም ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 5ኛ በ1615 በቻይና ያሉ ካህናት ራሳቸውን ሸፍነው እንዲቀድሱ ፈቀዱ፤ በቻይናውያን ዘንድ በታላቅ ሰው ፊት ራስን ገልጦ መቆም ነውር ስለነበረ። በ1917 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግም ወንዶች ራሳቸውን ገልጠው እንዲያስቀድሱ ሲያዝ፣ የጸና የሕዝብ ልማድ ሌላ ካላዘዘ በቀር ብሎ በር ትቷል። በእስልምና ወንድ ለሰላት ራሱን ቢሸፍን መልካም ነው፤ ሐጅ ሲያደርግ ኢሕራም ከገባ በኋላ ግን መሸፈን አይፈቀድለትም። ኢሕራም የገቡ ወንዶች ሁሉ በካዕባ ዙሪያ ባዶ ራሳቸውን ናቸው። በአንድ ሃይማኖት ውስጥ እንኳ መሸፈንም መግለጥም የመገዛት ምልክት ሆነው ይኖራሉ።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ከክርስቲያኖች መካከል ከኩዌከሮች የመጣ ነው። ባርኔጣን ማውለቅ ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ክብር ከሆነ ለዳኛና ለመኮንን ለምን ይሰጣል አሉ፤ በጸሎት ያወልቁ ነበር፣ በችሎት ግን አያወልቁም። በሴፕቴምበር 1670 ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ በለንደን ችሎት ሲቀርቡ ባርኔጣቸው ወልቆ ነበር፤ ዳኞቹ መልሰው እንዲያደርጉት አዘዙ፤ ካደረጉት በኋላ ደግሞ አላወለቃችሁም ተብለው እያንዳንዳቸው 40 ማርክ ተቀጡ። የኩዌከሮቹ ጽናት ክብር ይገባዋል፤ በወልጋዳ ዳኝነት ፊት ራስን አለማዋረድ እምነት ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ አላት። የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ የጸጋና የአክብሮት ስግደት ደግሞ ለቅዱሳን፣ ለወላጅ፣ ለታላላቆችም ይገባል። የሰውነቱ ሁኔታ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ለማንና በምን ሐሳብ እንደሆነ ነው። አንድ ሽማግሌ ለሟች ጎረቤታቸው ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ሟቹን እያመለኩ አይደለም፤ በሟቹ ውስጥ የነበረውን የእግዚአብሔር ምሳሌ እያከበሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ «እንግዲያውስ ልማድ ብቻ ነው፤ ሁሉም እንደወደደው ያድርግ» የሚል መደምደሚያ ቢወጣ ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ቃልም ልማድ ነው፤ በልማድ የጸና ስለሆነ ግን እንደፈለግን ብንለዋወጠው አንግባባም። አክብሮት የሚታይ ነገር ነው፤ ሌላው ሊያነበው የማይችለው አክብሮት በልብ ቢኖርም ለሌላው አልደረሰም። እኒያ አባት በምኩራቡ ባርኔጣቸውን መልሰው ሲያደርጉ ሃይማኖታቸውን አልለወጡም። በእንግድነት በገቡበት ቤት፣ የዚያ ቤት ሰው በሚያነበው መንገድ፣ የዚያን ቤት አምልኮ አከበሩ። አናቱን በጣታቸው የቆነጠጡት እሳቸው ናቸው፤ መቼ እንደሚወልቅ የሚወስነው ግን ቤቱ ነው። ይህ ከአታቱርክ ሕግ በእጅጉ የተለየ ነው፤ እዚያ መንግሥት ወደ ሰው ራስ መጣ፣ እዚህ ሰው በፈቃዱ ወደ ሌላው ደጃፍ ሄደ።

የሚቀር ጥያቄ አለ፤ ከባርኔጣው ይልቅ የከበደ ነው። ጳውሎስ በዚያ ምዕራፍ ከወንድ ይልቅ ብዙ የተናገረው ስለ ሴት ነው። በ1917 የተጻፈው የካቶሊክ ሕግ ሴት እንድትሸፈን ያዝ ነበር፤ በ1983 የወጣው አዲሱ ሕግ ስለ ወንዱም ስለ ሴቷም ራስ ምንም አይናገርም። በሌሎቹ ቤቶች ግን የወንድ ራስ ከቦታ ቦታ ሲገለጥና ሲሸፈን የሴቷ ባብዛኛው ተሸፍኖ ይኖራል። በአቡ ዳቢና በአል ዐይን ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም በሰው ቤት የሚሠሩ። በአንዳንዱ ቤት በሥራ ላይ በቀጣሪዋ ልማድ ሻሽ ታስራለች፤ ዕረፍቷ ሲደርስ ነጠላዋን በቦርሳ ይዛ ወጥታ በጸሎቱ ቦታ ታጣፋዋለች። ሁለቱንም በአክብሮት ታደርገዋለች፤ የወንዱን ባርኔጣ ያህል የመቆንጠጥ፣ የማንሣትና የመመለስ ምርጫ ግን በአንዱም ቦታ አልተሰጣትም። ልማድ ይወስን ካልን፣ ቤን ማይሞን በታላላቆች ፊት የመቆም ልማድን ሲጠቅስ፣ ጳውሎስም በመካከላችሁ ፍረዱ ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ያን ልማድ ከሚፈርዱት መካከል እሷ ተቆጥራ እንደነበረና እንዳልነበረ የሦስቱም ቤቶች ሊቃውንት ሊመልሱላት ይገባል።